እንቁላል የለመደ መጥበሻ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጄ ወጥ ቤት ገብታ፣ ስልኳን እያየች የጾም ፓንኬክ ጋገረችልን። እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፤ በሙዝና በተልባ ነው ያቦካችው። «አባዬ፣ አይተህ የማታውቀው ነገር ልሠራልህ ነው» ብላ ስትፎክርብኝ፣ እኔና እናቷ ትርሓስ ተያየንና ሳቃችን አመለጠን። ወይ ጉድ! ይሄ ፓንኬክ ባይኖር አንቺ ራስሽ የት ትገኚ ነበር?

ያኔ ወጣት መምህር ነበርኩ። ከደብረ ብርሃን መቀሌ ተመድቤ፣ ዓዲ ሓቂ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ከትርሓስ ጋር ከተዋደድን ቆይተናል፤ እናቷ ለተብርሃን፣ እንደ አገሩ «አደይ» የምላቸው፣ ግን «ሰውየውን ሳላየው ሽማግሌ የሚባል ነገር አልሰማም» ብለዋል። ሊያዩኝ የመረጡት ደግሞ በዐቢይ ጾም፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እህል ሳይቀምሱ በቀጥታ እኔ ቤት። በል እንግዲህ፣ ተዘጋጅ!

ምን ላቅርብ? ሽሮ ብሠራ በመጀመሪያው ጉርሻ ጉዴ ይፈላል፤ እሳቸው ሽሮ ሲሠሩ ነው ያረጁት። ፓንኬክ ግን ቀምሰው ስለማያውቁ በምን ይመዝኑኛል? ትርሓስ ካፌ ስንገባ ትወደው ነበር፤ ጾም ሲገባ ነው የምትተወው። ስለዚህ ያለ እንቁላል፣ ያለ ወተት ልሠራው ቆረጥኩ። ተልባ ወቅጬ በውኃ በጠበጥኩ፣ የበሰለ ሙዝ ጨፈለቅሁበት፣ የስንዴ ዱቄትና ስኳር ጨመርኩ። የመጋቢት ንፋስ በበሩ ሥር አቧራ እያስገባ ምድጃዬን ሊያጠፋብኝ ይታገላል። የመጀመሪያው አረረ፣ ሁለተኛው ተቦጫጨቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀላ ቀላ እያለ ይወጣልኝ ጀመር። የሙዙ ሽታ ግቢውን ሞላው፤ እኔም ጎረርኩ።

አደይ ከትርሓስ ጋር መጡና ባለችኝ አንዲት ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሳህኑን ሳቀርብላቸው ትክ ብለው አዩት።

«እዋይ! ይሄ ደግሞ ምንድነው? ሕምባሻ ታሞ ነው እንዲህ የሳሳው?»

«ፓንኬክ ነው አደይ። የጾም ነው፤ እንቁላልም ወተትም የለበትም።»

አማትበው ቆረሱ። ወደ አፋቸው ሊያደርሱት ሲሉ እጃቸው ቆመ። «መጥበሻውስ ወደይ፣ ልጄ? መጥበሻውም የጾም ነው?»

ጌታዬ ሆይ! ስለ ሊጡ ስጨነቅ መጥበሻውን ማን አስቦት! ያለኝ ያው አንዱ ነው፤ የቅበላ ዕለት እንቁላል በቅቤ ጠብሼበታለሁ። እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ በደንብ ካልተፋቀ የጾም ምግብ አይሠራበትም። ጾሙ ከገባ ወዲህ ምግብ ቤት ስለምበላ ረስቼዋለሁ። ትርሓስ ግን ሌላ መጥበሻ እንደሌለኝ ታውቃለች፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። «አዎ» ብል ከእሷ በቀር ማን ያውቅብኛል? ግን እኚህ ሴት በእኔ እጅ ጾማቸውን ሊገድፉ ነው። እውነቱን ብናገር ደግሞ ትርሓስን ማጣቴ ነው።

«አይደለም አደይ። እንቁላል የተጠበሰበት ነው። አይብሉት» አልኩ።

ቁራሹን ወደ ሳህኑ መለሱት። «ትርሓስ፣ ተነሺ!» አሉ።

በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ትርሓስም ቦርሳዋን አነሳች።

«ወዴት ነው? ውኃ ጣጂ እንጂ! አንተም ከጎረቤት አመድ አምጣ። ሊጥ ተርፎህ የለ?»

ነጠላቸውን ወንበሩ ላይ ጥለው፣ ደጃፌ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ መጥበሻዬን በአመድና በፈላ ውኃ አዲስ እስኪመስል ፈገፈጉት። ልርዳዎት ብል «ዞር በል! ላጤ ደግሞ ዕቃ ማጠብ መች ያውቃል!» ብለው አባረሩኝ። ትርሓስ ጋገረች፤ ሦስታችንም በላን። «ስኳር አብዝተሃል» አሉና አንድ ደገሙ። ሲወጡ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉኝ። እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

ልባቸው በምን እንደራራልኝ ግን አላወቅሁም። በዚያ ቀን መንገድ ላይ ያሏትን ትርሓስ የነገረችኝ አደይ ካረፉ በኋላ ነው። «የፈራሁት ሩቅ ወስዶሽ ቢበድልሽ ማን ይነግረኛል ብዬ ነበር። ይሄስ ራሱ ይነግረኛል» ብለዋት ኖሯል።

ሩቅም አልወሰድኳት፤ እዚሁ መቀሌ ቀረሁ። የሚገርመው፣ ያሉትን ሳልሰማ ስፈጽመው ኖሬያለሁ። ትርሓስን ባስቀየምኩ ቁጥር መጀመሪያ የምሄደው እሳቸው ጋ ነበር። «አደይ፣ ልጅዎን አስቀይሜያታለሁ» እላለሁ፤ ይቆጡኛል፣ ከዚያ አብልተው ይመልሱኛል። ልጅዎን አምነው ስለሰጡኝ እግዜር ይስጥልኝ አደይ። አሁን ስንጣላ የምሄድበት ደጅ የለም፤ ስለዚህ እየከበደኝም ቢሆን ጥፋቴን ለራሷ ለትርሓስ እነግራታለሁ።