አቧራ ጠራጊዋ

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ «አቧራ ጠራጊዋ» እንላታለን። መጥረጊያ ይዛ አታውቅም፤ ሥራዋ ከሰማይ የሚመጣውን ጥንታዊ ብርሃን መመርመር ነው። ዓለም ገና ስትጀመር ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ተነፍታ ሰፋች ይባላል። እውነት ከሆነ፣ ከሁሉ ቀድሞ በተለቀቀው ብርሃን ላይ ስስ የጥምዝ ምልክት መቅረት አለበት። ችግሩ፣ በከዋክብት መካከል የተበተነው አቧራም ያንኑ ጥምዝ ይሠራል። አቧራውን ለክቶ መቀነስ የሷ ድርሻ ነው፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታዋለች።

አለቃችን ጥምዙን ያየ ዕለት እግሩ መሬት አልነካም። አቧራውን ለመለየት ሰማዩን በሌላ የብርሃን ሞገድ ደግሞ ማየት ያስፈልግ ነበር፤ አንድ ዓመት ይፈጃል። እሱ ግን ተፎካካሪዎቻችን ስብሰባ ላይ ያሳዩትን ያልተጠናቀቀ የአቧራ ካርታ በስልኩ ፎቶ አንስቶ መጣ። ከፎቶው ቀለም እየለቀምን ቁጥር አወጣን።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፎቶ ነው፤ ልኬት አይደለም» አለችው።

«እና እነሱ እስኪቀድሙን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ፣ እቱ?»

«እንግዲያው ከሚታተመው ጽሑፍ ስሜን አውጡልኝ። በማላምንበት ነገር ስሜ አይነሳም።»

አወጡላት። የጽሑፉን የአቧራ ክፍል በሷ ፈንታ ሌላ ሰው ፈረመበት። ጋዜጠኞች ተጠሩ፣ ኬክ ተቆረሰ፣ አለቃው አፉን ሞልቶ «የዓለምን የመጀመሪያ እስትንፋስ አየን» አለ። እሷ በሩ አጠገብ ቆማ ሻይዋን ጠጣች። እኔ መዳፌ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

በዓመቱ የተፎካካሪዎቻችን ሙሉ ካርታ ወጣ። ዓለም ተነፍታ ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል፤ የኛ ማስረጃ ግን ከአቧራ የሚለይ አልነበረም። አለቃው ዓይኑን በጨው አጥቦ ጠረጴዛዋ ድረስ መጣ።

«እታለም፣ የአቧራው ነገር ያንቺ አይደል? ለጋዜጠኞቹ ስሌቱ ላይ ተሳስቻለሁ በያቸው።»

እንዲህ ያለ ሰው ያስጠላል። እሷ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። የታተመውን ጽሑፍ ከመሳቢያዋ አውጥታ የስሞቹን ዝርዝር ዘረጋችለት።

«እኔ የለሁበትም፣ ጋሼ። የአቧራውን ክፍል የፈረመው ይኸው።»

ጣቷ ያረፈው አራተኛው ስም ላይ ነው። የኔ ስም ነው።

አለቃው ቀና ብሎ ወደኔ ዞረ። «በል እንግዲህ አንተ ንገራቸው» አለኝ። ከሱ ይልቅ ራሴን ተጸየፍኩ።

«እሺ ጋሼ» አልኩት።