ብርድ ልብስ የለበሰው ራዲያተር

በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ አለቃዬ ራስል፣ ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ፣ ወደ አንድ አሮጌ ቤት ቤዝመንት ይዞኝ ወረደ። ውሃ የሚያሞቀው ቦይለር ሲነሳ «ዱፍ!» አለ። እኔ ደረጃውን ወደ ላይ ተመለስኩ። ራስል ሳቀና «ሰላም እያለሽ ነው፣ ነይ» አለኝ። ከዚያ ክፍል ከሚያሞቀው ብረት፣ ከራዲያተሩ፣ አየር የሚያስወጣ ትንሽ ቁልፍና ካቻቢቴ ሰጠኝ።

ከዚያ በፊት ሆቴል አጸዳ ነበር። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ልጄ ሥራ መቀየሬን ስትሰማ «ማም፣ አር ዩ ሹር?» አለችኝ። እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ምድጃ አጥፍቼ ከወጣሁ በኋላ ከመኪና ወርጄ ተመልሼ የማይ ሰው ነኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። ቦይለሩ ያሞቀው ውሃ በቱቦ እየዞረ ራዲያተሮቹን ያዳርሳል። ነገር ግን ውሃ ሰነፍ ነው፤ ቅርብ ያገኘው ውስጥ ይገባል። ሳሎኑ ሲቀቀል የመጨረሻው መኝታ ቤት ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሁሉንም ከፍተን አየሩን እናስወጣለን። ከዚያ ቅርብ ያሉትን፣ ውሃው በሚመለስበት በኩል ባለችው ቫልቭ፣ ጥቂት ጥቂት እናጠብባለን። ለሩቆቹም ይደርሳቸዋል።

ካጠበቡ በኋላ መጠበቅ ነው፤ ብረቱ እስኪረጋጋ። ባልደረቦቼን የሚያቃጥላቸው ይኼ መጠበቅ ነው። እኔ ግን ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ትኩሳት ለክቶ መጠበቅ ለምጄዋለሁ። ዛሬም ራዲያተርን መጀመሪያ የምነካው እንደ ልጅ ግንባር በእጄ ጀርባ ነው። ቴርሞሜትሩ ቀጥሎ ይመጣል።

አንድ ክረምት ራስል ስልክ አንስቶ ጥቂት አዳመጠና ዓይኑን አፍጥጦ ለእኔ አቀበለኝ። አንዲት ሴት በአማርኛ እየተቆጡ ነበር። «አራስ በብርድ ልታልቅ ነው!» ይላሉ። አድራሻውን ተቀብዬ ሄድኩ።

በሩን የከፈቱልኝ እኚሁ ሴት፣ ወይዘሮ ተዋበች ናቸው፤ የአራሷ አማት። ኮታቸውን እንደለበሱ ነው። የሕፃኑ ሻንጣ በር ሥር ተቀምጧል።

«ሠሪዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«ወንድ የላቸውም?»

«አላቸው። እነሱ ናቸው እኔን የላኩኝ።»

«እንግዲህ ግቢ። በሩን ዝጊው፣ ነፋስ አታስገቢ!»

አራሷ ሜሮን ፎቅ ላይ፣ በመጨረሻው ክፍል፣ ልጇን ታቅፋ ተኝታለች። አማቷ ዞር ሲሉ እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ በእናትሽ አሙቂልኝ። ካልሞቀ እስከ ክርስትናው ድረስ ዉድበሪ፣ እሳቸው ቤት ሊወስዱኝ ነው።»

«ክፉ ናቸው እንዴ?»

«ኧረ በጣም ጥሩ ናቸው! ችግሩ እሱ ነው። አጥሚት ጠጥቼ ሳልጨርስ ሌላ አጥሚት ይመጣል። እንቢ ስል ይከፋቸዋል። እዚህ ሲሆን ማታ ማታ እንኳ ቤታቸው ይሄዳሉ።»

«ልጄ ከሻኮፒ፣ ከሥራ እንደተመለሰ እንሄዳለን!» አሉ ወይዘሮ ተዋበች ከደረጃው። ከዚህ በኋላ ቶሎ ቶሎ ሠራሁ።

አየሩን አስወጣሁ። የሳሎኑንና የወጥ ቤቱን አጠበብኩ። የመኝታ ቤቱ ራዲያተር መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ነፋስ እንዳያስገባ እስከ ወለሉ በሚደርስ ወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍኗል።

«እሱ አይነሳም!» አሉኝ ወይዘሮ ተዋበች።

እኔም ብሆን አላነሳውም ነበር። የአራስ መስኮት ሲገለጥ ብርዱ የሚሰማኝ እኔው አንገት ላይ ነው። እጄን ከሥር ሰድጄ፣ ውሃው የሚገባበትን ባለ ቁጥር ቫልቭ እስከ መጨረሻው ቁጥር ከፈትኩት። ራዲያተሩ ሞቀ። ሜሮን ፈገግ አለች።

ለራስል ደወልኩ። «ከሞቀ ጨርሰሻል፣ ነይ» አለኝ።

«ትንሽ ልቆይ።»

«ቦይለሩ እኮ አይሸሽም!»

«አውቃለሁ። ትንሽ።»

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ቆየሁ። ተመልሼ እጄን ስሰድ ራዲያተሩ ቀዝቅዟል።

«ይኸው! ብያለሁ!» አሉ ወይዘሮ ተዋበች፤ ለሕፃኑ ኮፍያ ማድረግ ጀመሩ። ሜሮን የሸጥኳት ያህል አየችኝ።

ቤዝመንት ወርጄ ቦይለሩን አየሁ፤ ደህና ነው። ቱቦውን እየዳሰስኩ ተመለስኩ። እስከ ቫልቩ ድረስ ያቃጥላል፤ ከቫልቩ ወዲያ ቀዝቃዛ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ይህ ዓይነቱ ቫልቭ በዙሪያው ያለው አየር ሲሞቅ ራሱ ይዘጋል።

«እትዬ ተዋበች፣ ቫልቩ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ሞቆታል። ቤቱ ሁሉ የሞቀ መስሎት ዘጋው።»

«ብረቱ ነው የሞቀው?»

«ብረቱ።»

«እና ግለጡት ልትዪኝ ነው? ነፋስ ይምታት?»

«አንገልጠውም። እናሳጥረዋለን።»

ወይዘሮ ተዋበች ከነጠላቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቀሉ። እሳቸው ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ግርጌ ላይ አጥፈው ያዙት፤ እኔ የመስኮቱን ክፍተት በስፖንጅ ፕላስተር ደፈንኩ። ቫልቩ ወደ ክፍሉ አየር ወጣ። ራዲያተሩ ሞቀ። ጠበቅሁ። ሞቆ ቆየ። ቁጥሩን ቀነስኩለት፤ ያኔም ክፍሉ አልቀዘቀዘም።

ወይዘሮ ተዋበች በእጃቸው ጀርባ ነኩት። ኮታቸውን አወለቁ። አልጋው እግርጌ ተቀመጡና «ይኼማ ከዉድበሪው ቤቴ ይሻላል» አሉ። ወዲያው ስልካቸውን አነሱ።

«የኔ ልጅ፣ መሄዱ ቀርቷል። አንተ ግን ዞር ብለህ ዉድበሪ ግባና የሌሊት ልብሴን አምጣልኝ። የአጥሚቱን እህልም እንዳትረሳ።»

ሜሮን ቀና ብላ አየችኝ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። እኔ የተጠራሁት ለራዲያተር ነው።

አሁን አዲስ ገቢዎችን አሠለጥናለሁ። የምነግራቸው ይህን ነው፦ ቫልቩ ላይ ምን እንደተሰቀለ እዩ። ከሞቀ በኋላም ቆይታችሁ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ንኩት።