ቢላዋው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር

በ2001 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ዕለቱ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ። ልየው የሚባል ጠላቂ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለ አንድ ድልድይ ሥር፣ ወንዝ ውስጥ የወደቀ የቤተ ክርስቲያን ደወል ለማውጣት ገባ። ቢላዋውን አልያዘም። ቢላዋው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

በጋዜጠኝነት ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። ያን ቀን የጻፍኩት ዜና አሥር ዓረፍተ ነገር ነበር፤ አንዱም ስሕተት የለበትም። ይህ ነገር ግን ከአሥሩ በአንዱም ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው።

ደወሉ ሞጣ አጠገብ ላለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ ነው። የጫነው አይሱዙ ድልድዩ ላይ ሲንሸራተት የኋላ በሩ ተከፈተ፤ ደወሉ ከታሰረበት አረንጓዴ የናይለን ገመድ ጋር ተንከባሎ ወንዙ ውስጥ ገባ። ከድልድዩ በታች ውሃው ተኝቶ ጥልቅ ይሆናል። የአገሩ ዋናተኞች ሦስት ቀን ሞከሩ። መሬቱን የነካ አልነበረም።

ልየው የባሕር ዳር ሰው ነው። ጣና ላይ የሰመጠ ጀልባ ያወጣል፣ የወደቀ ሞተር ይፈልጋል። በዚያ ሳምንት ለሌላ ሥራ ደጀን በኩል ስለነበረ የደወሉ ኮሚቴ በስልክ ጠራው። እኔ ያገኘሁት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ቢቸና፣ ገበያው አጠገብ፣ ጋሽ አንለይ ከሚባሉ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ነው። ዕቃው መኪና ላይ ሲጫንና ሲወርድ የማንገቻው ኪስ ተገንጥሎበት ሊያሰፋ መጥቶ ነበር።

ማንገቻ የምለው የአየር ሲሊንደሩን ጀርባው ላይ የሚያስርበትን ነው። ሁለት ሰፋፊ ጥብጣብ በትከሻ ይወርዳል፣ አንዱ በወገብ ይዞራል። ጠላቂው የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚሰቀለው። ልየው ዕቃውን ጆንያ ላይ ዘርግቶ የእያንዳንዱን ቦታ አሳየኝ፤ እኔም ጻፍኩ። የአየር መለኪያው በግራ ወገቡ፣ ቱቦው ከጎኑ ተጣብቆ። ባትሪው በቀኝ ትከሻው። የክር መጠቅለያው ከኋላ፣ ከመቀመጫው በላይ። ቢላዋው በግራ ደረቱ፣ እጀታው ወደ ታች።

«የሚንጠለጠል ነገር አልወድም» አለኝ። «የተንጠለጠለ ነገር ይያዛል። ውሃ ውስጥ ደግሞ አንዴ የተያዘ ነገር በቀላሉ አይለቅም። እጄ ሳላየው የት እንዳለ ማወቅ አለበት።»

የተገነጠለው ኪስ የመቀስ ነበር። መቀሱም ዝጎ አልከፈት ብሎታል።

«ቢላዋ ካለህ መቀሱ ለምንህ ነው?» አሉት ጋሽ አንለይ፣ ዓይናቸውን ከስፌት መኪናው ሳያነሡ።

«ሁለት መቁረጫ ሳልይዝ አልገባም ጋሼ። አንዱ ቢወድቅብኝስ?»

«የት ልስፋልህ ታዲያ?»

«እዚህ ጋ። መሃል ላይ፣ ከመቆለፊያው አጠገብ።»

«እምብርትህ ላይ? እትብት ልትቆርጥ ነው?»

«መሃል ከሆነ ሁለቱም እጄ ይደርስበታል።»

ጋሽ አንለይ ኪሱን ሁለት ጊዜ ደራርበው ሰፉት። ከዚያ ጨርቅ የሚቆርጡበትን የራሳቸውን መቀስ አንሥተው ከተቱበት።

«ይችን ውሰዳት። እንድታመጣት ግን። ሌላ የለኝም። እስክትመለስ በጥርሴ ነው የምበጥሰው።»

«ጥርስ አለዎት እንዴ ጋሼ?»

«ሁለት አለኝ። ያንተ መቁረጫም ሁለት አይደል?»

በረንዳው ላይ የነበርነው ሁሉ ሳቅን።

በማግሥቱ ከቢቸና ተነሥተን፣ ደብረ ወርቅን አልፈን ድልድዩ ጋ ደረስን። በወንዙ ግራና ቀኝ ብዙ ሰው ተሰብስቧል። ከኮሚቴው አባላት አንዱ አያ ቢተው የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ደወሉን ለማስገዛት አገር ለአገር የዞሩት እሳቸው ናቸው፤ ከወደቀ ጀምሮም ወንዙን ትተው አልሄዱም ነበር። ልየው ማንገቻውን ሲታጠቅ ቀረብ ብለው አዩት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ቢላዋ ነው አባቴ። ገመድ ቢይዘኝ የምቆርጥበት።»

«የምታወጣልን እኮ ደወል ነው፤ ንዋየ ቅድሳት። በስለት አይቀረብም። ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እንኳ ጠመንጃውንም ጩቤውንም ከደጅ ነው የምንተው።»

«እውነት ነው» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሌላውም ደገመው። ደወሉ መጀመሪያውኑ የወደቀው አንድ የተጣሰ ነገር ቢኖር ነው ያለም ነበር።

ልየው ባለ ማተብ ነው። ሽማግሌውን አየ፣ ሰዉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። ቢላዋውን ከነአፎቱ ፈትቶ «ያዝልኝ» አለኝ። ተቀብዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። መቀሱ ከኪሱ ክዳን ሥር ስለነበር ማንም አላየውም፤ ልየውም አላነሣውም፤ እኔም አላነሣሁትም።

ከወገቡ የታሰረውን ገመድ ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። ሌላው ሰው ስለሚቸኩል ነው አለ።

«በየሁለት ደቂቃው አንዴ ሳብ አድርግ። አንዴ ከመለስኩልህ ደኅና ነኝ። ሦስት ጊዜ ከሳብኩ አውጡኝ። ሦስት ጊዜ ካልሳብኩ ግን ማንም እንዳይጎትተኝ። የሆነ ነገር ይዞኝ ከሆነ፣ በጎተታችሁ ቁጥር ታጠብቁብኛላችሁ።»

«አየሩ ምን ያህል ይቆያል?»

«ግማሽ ሰዓት በል።»

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ገባ። የክረምቱ ጎርፍ ገና ስላልጠራ ክንድ ያህል እንደወረደ ከዓይናችን ጠፋ። ከዚያ በኋላ የሚታየው አረፋው ብቻ ነበር። ሰዓቴን ፈትቼ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አስቀመጥኩ።

ከሃያ ሁለት ላይ ሳብኩ፤ መለሰ። ከሃያ አራት፣ መለሰ። ከሃያ ስድስት፣ መለሰ። ከሃያ ስምንት ላይ ዘግይቶ መለሰ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሳብኩ። መልስ የለም። አንድ ደቂቃ ጠብቄ ጠንከር አድርጌ ሳብኩ። ገመዱ ድንጋይ ላይ እንደታሰረ ገተር አለብኝ።

«ምነው?» አሉ አያ ቢተው።

«አልመለሰም።»

ሰዉ ይህን ሲሰማ ወደ እኔ ተጋፋ። አያ ቢተው ገመዱን ከእጄ በላይ ያዙት።

«እንጎትት!»

«አይሆንም አባቴ። አትጎትቱ ብሏል።»

«ሰውየው እየሞተ ምን ትጠብቃለህ? በሬ ገደል ቢገባብን እንኳ እንጎትታለን እንጂ ቆመን እናያለን?»

«በሬው አትጎትቱኝ ብሎ አልነገረዎትማ። አረፋውን ይዩት። አረፋ ካለ ይተነፍሳል።»

አረፋው ይወጣ ነበር። ግን ከአንድ ቦታ ነበር የሚወጣው። እስከዚያ ድረስ ወዲያና ወዲህ ሲሄድ የነበረው አረፋ አሁን አይንቀሳቀስም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ደብተሬ ላይ «4:33፣ አረፋ፣ አንድ ቦታ» ብዬ ጻፍኩ። ጽሕፈቴን ዛሬ ሳየው ቀጥ ያለ ነው። በየሁለት ደቂቃው እየጠበቅኩ መሳቤንም አልተውኩም።

አራት ሰዓት ከሠላሳ ሰባት ላይ መርጌታ ይባቤ ደረሱ። ደወሉ የሚሄድባት ቤተ ክርስቲያን መርጌታ ናቸው፤ ደብረ ወርቅ ጉዳይ ኖሯቸው ነበር የዘገዩት። ሁኔታውን ሲነግሯቸው ወደ እኔ መጡ።

«ገመድ ይዞት ከሆነ የሚቆርጥበት የለውም?»

«መቀስ አለው። ቢላዋውን እኔ ይዤዋለሁ።»

«አንተ? ለምን?»

«ንዋየ ቅድሳት በስለት አይቀረብም ተብሎ ነው።»

«ማነው ያለው?»

ይህች ጥያቄ የእኔ ሥራ ናት። ዜና አምጥተው ለሚሰጡኝ ወጣቶች በቀን አሥር ጊዜ የምጠይቃት እሷን ነው። ያን ጠዋት ከአንደበቴ አልወጣችም።

«እኔ ነኝ መርጌታ» አሉ አያ ቢተው። እጃቸው ከገመዱ ላይ ወርዷል። «ደወል ነው ብዬ... እንዳይቀሥፈን ብዬ።»

«ደወሉ ገና ከፋብሪካ የወጣ ብረት ነው፤ አልተባረከም። ቢባረክስ ኖሮ? ነፍስ በሚያድን ስለት ማን ይቀሠፋል?»

አያ ቢተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መርጌታ ዓይናቸውን ውሃው ላይ አድርገው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር።

አራት ሰዓት ከአርባ። አረፋው እዚያው ነው። ከአርባ ሁለት። ግማሽ ሰዓቱ ሊሞላ ስምንት ደቂቃ ቀረው። ስምንት ደቂቃ ሲሞላ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ብንጎትት እንገድለዋለን፤ ባንጎትት አየሩ ያልቃል።

ከአርባ አራት ላይ ገመዱ በድንገት ላላ አለ። ከዚያ አንዴ ተሳበ። አንዴ መለስኩ። ከአርባ ሰባት ላይ ሦስት ጊዜ ተሳበ።

«አሁን!» አልኩ።

ከአርባ ዘጠኝ ላይ ጭንቅላቱ ወጣ። የአየር መለኪያውን አየሁት፤ መርፌው ቀዩ ላይ ነበር። የቀኝ እጁ አንጓ ዙሪያውን በልዞ አብጧል። በግራ እጁ የጋሽ አንለይን መቀስ ጨብጦ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቀን ነው የተቀበልነው።

ሩብ ሰዓት ያህል ትንፋሹን ሰበሰበ። ከዚያ ነገረኝ። ደወሉን በጎኑ ተኝቶ አግኝቶታል። የታሰረበት አረንጓዴ ገመድ ተፈትቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፍ ነበር። ደወሉን የምንጎትትበትን ሌላ ገመድ በማንጠልጠያው ሊያሳልፍ ሲዞር የአረንጓዴው ገመድ አንዱ ቀለበት ቀኝ እጁን ያዘው፤ ሌላው ከኋላ ሲሊንደሩ ላይ ተጠመጠመ።

«ግራ እጄ ወደ ደረቴ ሄደ። ባዶ ነው። ቢላዋውን እንደሰጠሁህ እያወቅኩ እንደገና ሄደ። ከዚያ እምብርቴን ፈለግኩ።»

«መቀሱን ካገኘህ ምን አቆየህ?»

«መቀስ በግራ እጅ አይቆርጥም። ምላጮቹ ይራራቃሉ። በአውራ ጣቴ ገፍቼ እያጣበቅኩ ነው ክር በክር የቆረጥኩት።» ያበጠ አንጓውን እያሻሸ ጨመረ። «የአንተም ገመድ ተጠላልፎ ነበር። በሳብክ ቁጥር እጄን ያጠብቀዋል።»

ደብተሬን አየሁ። ከመጨረሻው መልስ በኋላ ስምንት ጊዜ ስቤያለሁ።

አያ ቢተው መጥተው ጫማው ላይ ሊወድቁ ጎንበስ ሲሉ ልየው ትከሻቸውን ይዞ አነሣቸው።

«ተዉ አባቴ። መቀስ እንዳለኝ እኔስ መቼ ነገርኩዎት?»

«ነግረኸኝ ቢሆን እሱንም አስጥልህ ነበር» አሉ አያ ቢተው።

መርጌታ ይባቤ ቢላዋውን ከእኔ ተቀብለው ለልየው ሰጡት። «በቦታው አድርገው» አሉት። ለመጠባበቂያ ያመጣውን ሁለተኛ ሲሊንደር ታጥቆ፣ ቢላዋውን በግራ ደረቱ፣ መቀሱን መሃል ላይ አድርጎ፣ ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ እንደገና ገባ። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ገመዱን አስሮ ወጣ። ደወሉ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በአይሱዙውና በሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ ከነጭቃው ከወንዙ ወጣ።

በዜናዬ ጠላቂውን ገመድ ይዞት እንደነበር ጻፍኩ። በልብስ ሰፊ መቀስ ቆርጦ እንደወጣም ጻፍኩ። ቢላዋው ለምን እንዳልነበረው ግን ዘለልኩት። የዘለልኩበትን ምክንያት አላጣሁትም፤ ያንን ብጽፍ ቀጥሎ «ቢላዋው ማን ጋ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ዛሬም «እንዲህ አይደረግም» የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር እጄ ወደ ቦርሳዬ ይሄዳል።

ሐሙስ ጠዋት ልየውና እኔ ቢቸና ተመልሰን መቀሱን ለጋሽ አንለይ ሰጠናቸው። አንዴ ከፍተው ዘጉት፤ የስፌት መኪናውን ዘይት ጠብ አደረጉበት። የምላጮቹ መጋጠሚያ ላይ አረንጓዴ የናይለን ክር ነበር። በመርፌ አወጡት።