ቢያንስ አንድ ሰዓት

ወይዘሮ ጥሩብርሃን ገብረማርያም ሃያ ስድስት ዓመት ስልክ ቤት፣ መረጃ ክፍል ቁጭ ብላ ለጠያቂ ሁሉ የሰው ቁጥር ስትናገር የኖረች ሴት ናት። ጡረታ ስትወጣ ሌላውን ሁሉ አስረክባ ድምጿን ይዛ ወጣች። ቀራንዮ ያለው የሰፈራቸው እድር ስብሰባ ሲጠራ በእሷ ነው የሚያስደውለው፤ እትዬ ጥሩብርሃን ደውለውለት የቀረ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጡረታው እንደምታውቁት ጡረታ ነው። ስለዚህ ቤቴል የሚገኘው ሐመልማል ኮሌጅ ስልክ ተቀባይ ሲፈልግ ሄዳ ተቀጠረች። ኮሌጁ ለሠራተኛ ልጅ በነጻ ያስተምር ነበርና አንድ ልጇ ኪዳን እዚያው ሒሳብ አያያዝ ተምሮ ካቻምና ተመረቀ። አባቱ ነገሬ ምረቃውን ሳያይ ነው ያለፈው። እሷ ግን ለሁለት ሰው እልል ብላለች፤ ፎቶ አንሺው ጆሮውን ይዞ ነበር።

እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው ከደረጃ ነው። መዛኞች የሚባሉ ሰዎች በየዓመቱ የግል ኮሌጆችን መዝነው ከአንደኛ እስከ ስልሳ አንደኛ ያወጣሉ። ሐመልማል አምና ሠላሳ ስምንተኛ ወጣ። ዲኑ አቶ ወንድይፍራው ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «ከክፍሉ ሠላሳ ስምንተኛ የወጣ ልጅ ቤቱ ምን ብሎ ይገባል?» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሌጁ መማር ማስተማሩን ትቶ ነጥብ መሰብሰብ ያዘ። በድረ ገጹ ጎብኚ ብዛት ሦስት ነጥብ አለ ስለተባለ ጥበቃው በየጠዋቱ በስልኩ ሃያ ጊዜ ከፍቶ ይዘጋዋል። በመጸዳጃ ቤት ብዛት አራት ነጥብ ስላለ የዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ «ወንዶች» የሚል ተለጠፈ። መጥረጊያዎቹ ግን አሁንም እዚያው ናቸው።

ትልቁ ነጥብ፣ ሃያው፣ ያለው ተመራቂዎች ሥራ በመያዛቸው ላይ ነው። ካቻምና አራት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ተመርቋል። ለእያንዳንዱ ተደውሎ ይጠየቃል፣ ቅጽ ይሞላል። ይህ ደግሞ የጥሩብርሃን ሥራ ነው።

ቅጹን ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ባለፉት ሰባት ቀናት፣ በገንዘብም ሆነ በዓይነት በሚከፈል ሥራ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት የሠራ፣ ሥራ ያለው ይባላል» ይላል።

«አንድ ሰዓት?» አለች።

«ዓለም አቀፍ መለኪያ ነው፣ እትዬ» አለ ዲኑ።

«በአንድ ሰዓት እኮ እኔ የወጥ ሽንኩርት ከትፌ አልጨርስም።»

«እርስዎ ብቻ ይጠይቁ። ሌላውን መለኪያው ያውቅበታል።»

ከግንቦት ጀምሮ ደወለች። ያላሰበችው አንድ ነገር ገጠማት፤ ከቢሮ የሚደወል ስልክ ሁሉ ለሰው ሥራ ነው። ተመራቂው ቁጥር ቀይሮ እናት ታነሳለች፤ «ከኮሌጁ ነው» ከመባሉ፣ «ተመስገን! ልጄ፣ ነይ፣ ሥራ መጣልሽ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ከዚያ በኋላ «ኧረ ጥናት ነው» ማለት እንዴት እንደሚከብድ የደወለ ያውቀዋል። አንዷ እናትማ፣ «ይሁን፣ ጥናቱስ ስንት ይከፍላል?» አለቻት። ጥሩብርሃን ያን ቀን ምሳዋን አልበላችም። ከዚያ ወዲያ ዲኑ ሳያውቅ የራሷን ቃል ከፊት አስገባች፦ «አስቀድሜ ልንገርዎ፣ ሥራ የምሰጥ ሰው አይደለሁም።» ብዙዎቹ እዚያው ላይ ይዘጉታል። እሷም መልሳ ትደውላለች።

መለኪያው በእርግጥ ያውቅበታል። አንዱ ማኔጅመንት የተማረ ልጅ በሳምንቱ ምን ሠራህ ቢባል፣ ቅዳሜ ዕለት አስኮ ለአንድ ነጋዴ በግ ይዞ እንደቆመና ሰውዬው ሻሂ በዳቦ እንደጋበዘው ተናገረ።

«ስንት ሰዓት ያዝክለት?»

«ሁለት ሰዓት ይሆናል።»

«ከተማርከው ሙያ ጋር ግንኙነት አለው?»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «በጉ አስቸጋሪ ነበር» አለ።

ሥራ ያለው፣ ብላ ጻፈች። መመሪያ መመሪያ ነው።

በዚህ ዓይነት አራት መቶ አሥራ አንድ ሰው ጠየቀች። አንዱን ብቻ አልደወለችለትም፤ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት፣ ኪዳን ነገሬ። እስቲ ፍረዱ፣ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድርን ልጅ ስልክ ደውሎ «ሥራ አለህ ወይ» የሚል ወላጅ የት አለ? ኪዳን በየጠዋቱ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ እሷ የምታስርለትን ምሳ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ ከቶ ቢሮ ይሄዳል። አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ረዳት ሒሳብ ሹም ነው። ይህን ቀራንዮ ሁሉ ያውቃል፤ ያላወቀ ካለ የእድር ስብሰባ ቀርቷል ማለት ነው። ታክሲ ተራ ላይ እንኳ የሚያጋፋት ተራ አስከባሪ ሲገጥማት፣ «ምናለ እንደ ልጄ ብትማር ኖሮ» ማለት ትወድ ነበር። በዚያ ሰሞን ቤቴል ላይ አንዱን እንዲሁ ብላዋለች። ቅጹን ጥርት ባለ ጽሑፍ ሞላችው፦ ረዳት ሒሳብ ሹም፣ ቋሚ፣ ከሙያው ጋር የተያያዘ።

ድምሩ ሰባ አንድ በመቶ መጣ። ዲኑ ሊያቅፋት ምንም አልቀረውም።

ሐምሌ ውስጥ መዛኙ መጣ። አቶ ኢብራር ሀያቱ ይባላል፤ የቀረበለትን ሻሂ የማይጠጣ፣ እስክሪብቶውን ከቤቱ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ዲኑን በትሕትና ከክፍሉ አስወጣውና አሠራሩን ነገራት። ከዝርዝሩ ውስጥ አሥር ሰው ይመርጣል፤ እሷ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ትደውላለች፤ መልሱ ከቅጹ ጋር ይመሳከራል። ከአሥሩ የአንዱ እንኳ ካልገጠመ ሃያው ነጥብ እንዳለ ይሰረዛል።

ዘጠኙ ገጠሙ። በጉን የያዘው ልጅም ከተመረጡት አንዱ ነበር፤ አሁን ዶሮ ነው የሚይዘው።

«የመጨረሻው» አለ ኢብራር፣ «ሁለት መቶ አሥራ አራት። ኪዳን ነገሬ።»

ጥሩብርሃን ገብረማርያም ቀጥ አለች። ሰውየው የማን ልጅ እንደሆነ በምን ያውቃል? ስሙ የአባቱ ነው። ያኔ «ልጄ ነው፣ ሳልደውል ነው የሞላሁት» ብትል ሃያው ነጥብ ገደል ይገባል፤ የሁለት ወር ልፋቷም፣ የሃያ ስድስት ዓመት ስሟም አብሮ። ደግሞስ ምን አስፈራት? ልጁ ቢሮው ነው ያለው። የሚያሰጋት አንድ ነገር፣ ስልኩን አንስቶ «እማዬ» ማለቱ ብቻ ነው። ጉሮሮዋን ጠራርጋ ደወለች፤ እንደተነሳም ፋታ አልሰጠችውም።

«ጤና ይስጥልኝ። አቶ ኪዳን ነገሬ ነዎት? ከሐመልማል ኮሌጅ ነው የምንደውለው። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነው፤ አንድ የምዘና ባለሙያም አብረውኝ አሉ።»

ሃያ አራት ዓመት ስታሳድገው አንድ ቀን «እርስዎ» ብላው አታውቅም። ከወዲያ ጡሩምባና የሰው ጩኸት ይሰማል፤ «ፒያሳ! ፒያሳ! ሁለት ሰው ነው የቀረው!» ለቢሮ በዛ፣ ስትል አሰበች። ምናልባት መስኮት ተከፍቶ ይሆናል።

«የሚሰጡት መልስ በሚስጥር ይያዛል። ለመመለስ ፈቃደኛ ነዎት?»

«ነኝ» አለ ኪዳን፣ ቀስ ብሎ።

«ባለፉት ሰባት ቀናት፣ በሚከፈል ሥራ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሠርተዋል?»

«ሠርቻለሁ።»

እፎይ አለች። «የሥራ መደብዎ?»

ከወዲያ ፊሽካ ተነፋ።

«የሥራ መደብዎ፣ ረዳት ሒ...»

ኢብራር እስክሪብቶውን አነሳ። «አያግዟቸው፣ ወይዘሮ።»

«ተራ አስከባሪ ነኝ» አለ ልጁ። «አስኮ፣ ታክሲ ተራ።»

«ይድገሙልኝ?»

«ተራ አስከባሪ።»

ቅጹ ቀጣዩን ጥያቄ ባይዝላት ኖሮ ምን እንደምትል እግዜር ይወቅ። ቅጹ ግን ይዞላታል፤ «ከመቼ ጀምሮ?» ይላል። ጠየቀችው።

«ዓመት ከሁለት ወር።»

«ከዚያ በፊትስ?» ይህ ቅጹ ላይ የለም። ኢብራር ቀና ብሎ አያት።

«ከዚያ በፊት ቦርሳዬን ይዤ እወጣና ስዞር እውል ነበር። የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ። እንዳይመሽብኝ ሳይሆን እንዲመሽልኝ ነበር የምዞረው።»

ድምጿ ሃያ ስድስት ዓመት የተገራ ነውና ንቅንቅ አላለም። «ሥራዎ ከተማሩት ሙያ ጋር ግንኙነት አለው?»

«ትንሽ። የወጡትን መኪናዎች ደብተር ላይ እጽፋለሁ።»

«ለተቋሙ የሚያስተላልፉት መልእክት ካለ?»

«በሚስጥር ይያዛል ብለዋል፣ አይደል?»

«ብያለሁ።»

«እናቴ እንዳትሰማ፣ አደራ። ሰው ፊት ቀና ብላ የምትሄደው ቢሮ ገባ ብላ ነው። ጠዋት ጠዋት ሸሚዜን ስትተኩስ ልነግራት እልና... የምሳ ዕቃውን ስትሰጠኝ ያቅተኛል።»

«አይነገርም» አለች ጥሩብርሃን። «ሆድ ይፍጀው» ብላም ጨመረች።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ስልኩ ተዘጋ።

«የመጨረሻው ቃል መመሪያው ላይ የለም» አለ ኢብራር። ከዚያ ቅጹን ወደራሱ ሳበና ከሰማው መልስ ጋር አስተያየ። ጥሩብርሃን እጇን ጠረጴዛው ሥር አጣጥፋ ጠበቀች። «ቅጹ ሥራ ያለው ይላል። እሱም ሥራ አለኝ ብሏል። ገጥሟል።»

«መደቡ እኮ...»

«ሰው ሥራ ይቀይራል። ቁጥሩን የሚለውጥ ነገር የለም።»

«ምንም?»

«ምንም» አለና ምልክት አደረገበት።

ለመናገር አፏ ድረስ መጥቶባት ነበር። ግን ሳልደውል ሞላሁት ብትል ለምን ትባላለች፤ ለምን ሲባል ልጄ ነው ልትል ነው፤ ልጄ ነው ካለች ደግሞ አሁን በአፏ የሰጠችውን አደራ መብላቷ ነው። እስክሪብቶ አንስታ «ረዳት ሒሳብ ሹም» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘችና ከላዩ ጥርት አድርጋ «ተራ አስከባሪ» ብላ ጻፈች።

ደረጃውን ለምትጠይቁኝ፣ ከወር በኋላ ሐመልማል አሥራ ዘጠነኛ ወጣ። በሩ ላይ ባነር ተሰቅሏል፤ ሂዱና እዩት። እኔ ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ማታ ቤቴል ታክሲ ተራ ላይ ያ «ምናለ እንደ ልጄ ብትማር» ያለችው ልጅ ቆሟል። በዝናቡ ላስቲክ ራሱ ላይ ደፍቶ ደብተሩን በብብቱ ይዟል።

«ልጄ፣ ምን ነው የተማርከው?» አለችው።

«ሲቪል ምህንድስና፣ እናቴ። ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የጎደለው።»

ገባች። እስከ ቀራንዮ ከጎኗ የተቀመጠችው ሴት ስለ ቲማቲም ስታወራት ምንም አልሰማችም። በራሷ ነው የተናደደችው። በየእድሩ የለፈለፈችው ሁሉ እየመጣ ፊቷ ላይ ተደቀነባት፤ ልጁን በገዛ አፏ ነው ቤት ውስጥ እንግዳ ያደረገችው።

ኪዳን በሰዓቱ መጣ። ሸሚዙ ደርቋል፤ እጅጌው ላይ ግን ጭቃ ነበረበት። እራት ቀረበ። ዓይን ለዓይን ላለመተያየት ሁለቱም ወጡን ያያሉ።

«ቢሮ እንዴት ዋለ?» አለች እንደ ሁልጊዜው።

ኪዳን ጉርሻውን መሃል ላይ አቆመው። «ደህና ዋለ» አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ መብራት መጥፋት አወሩ።

ጠዋት ሸሚዝ አልተተኮሰም። ቦርሳው አጠገብ የነገሬ የድሮ የዝናብ ካፖርት ተጣጥፎ፣ በላዩ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ተቀምጧል። ምሳ ዕቃውም አንድ ሳይሆን ሁለት ነው።

ኪዳን ቆሞ አየው። «ይሄ ምንድነው፣ እማዬ?»

«ቢሯችሁ ጣራው ያፈሳል አሉ።»

«ሁለተኛው ምሳ ዕቃስ?»

«አብሮህ የሚሠራ ሰው አይጠፋም። ቆሞ የሚውል ሰው ይርበዋል።»

ልጁ ከንፈሩን ነከሰ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም» አለች፣ ካፖርቱን ትከሻው ላይ እያስተካከለች። «እኔ የሰው ሚስጥር አላወጣም። ሂድ፣ ዝናቡ ሳይበረታ ድረስ፤ ሰው ተራ ይዞ እየጠበቀህ ነው።»