ያስቆረጥኩት ማንጎ

ክልሉ ገና ሲቋቋም፣ ወጣት ካህን ሆኜ አሶሳ አጠገብ ባለ መንደር ተመደብኩ። ችኩል ነበርኩ። ለጸሎት ቤቱ ቦታ አጠበበብኝ ብዬ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ማንንም ሳልጠይቅ አስቆረጥኩ። ለካ የበርታ ብሔረሰብ ሽማግሌዎች የተጣላ የሚያስታርቁት ከሥሩ ተቀምጠው ነው! ማንም አልተቆጣኝም። በማግስቱ ግን ጉቶውን ከበው በጠራራ ፀሐይ ሲያስታርቁ አየኋቸው፤ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። እግዜር ይስጣቸውና አንደኛው ሙስሊም አዛውንት ችግኝ ይዘውልኝ መጡ፤ ከጸሎት ቤቱ ደጃፍ አብረን ተከልነው።

ከዓመታት በኋላ ጳጳስ ሆኜ ስሾም፣ እኚሁ አዛውንት የዚያን ዛፍ ፍሬ በዘንቢል ይዘው ከበዓሉ ተገኙ። የዚያን ቀን ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። ልቤ ውስጥ የቀረው ግን የእሳቸው ነው፦

«አባ፣ ፍሬ ብላ። ዛፍ አትቁረጥ።»