ከኔ ከፍ ብላ የተሰቀለችው አያት

የልጅ ልጄ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ የልጄ አማት ፎቶ ተሰቅሎ ነበር። ሴትዮዋ የዝናብ ልብስ ለብሳ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ አረንጓዴ መስክና በጎች ይታያሉ። አየርላንድ ነው። ቦርሳዋን አዝላ በዚያ አገር ገጠር ቀኑን ሙሉ በእግሯ ስትጓዝ የዋለች ዕለት የተነሳችው ነው። ከፍሬሙ ሥር ልጅቷ በቀለም እርሳስ «ፋርሞር ብቻዋን» ብላ ጽፋ ለጥፋለታለች። ፋርሞር በኖርዌጂያኖቹ ቋንቋ የአባት እናት ናት።

እኔ የምኖረው ቫይትቬት የሚባል ሰፈር፣ ከልጄ ቤት ብዙ ሳልርቅ ነው። ልጅቷን ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ያመላለስኳት እኔ ነኝ። ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ያደርኩት፣ ፀጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። ፋርሞር ከሌላ ሰፈር፣ ከግሩነርሎካ፣ አልፎ አልፎ ኬክ ይዛ ትመጣለች። ግድግዳው ላይ ግን እኔ የለሁም። ይህ ፍርድ ነው?

አንድ ቀን ፀጉሯን እየሠራኋት ዝም ማለት አቃተኝ።

«እኔም እኮ ብዙ መንገድ በእግሬ ሄጃለሁ» አልኳት። «ልጅ ሆኜ ገበያ የምንሄደው ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ነበር። ያውም ሸክም ይዘን።»

«አውቃለሁ አያቴ። መቶ ጊዜ ነግረሽኛል።»

«ታዲያስ?»

«አንቺ መሄድ ስለነበረብሽ ነዋ የሄድሽው። ፋርሞር ግን ፈልጋ ነው። ቱር የሚባለው ፈልገሽ ስትሄጂ ነው።»

«ተቸግሮ የሄደ ሰው መንገዱ አይቆጠርለትም?»

«ኔይ!» አለችና ሳቀች፤ አይቆጠርም ማለቷ ነው። ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም። በቤተ ክርስቲያናችን ስለ ቅናት በተሰበከ ቁጥር ጮክ ብዬ አሜን ብያለሁ፤ ስብከቱ ግን ስለ ሌሎች ይመስለኝ ነበር። ያን ሰሞን ግን ሴትዮዋ ከነድንጋይ ካቧ ደረቴ ላይ ተቀመጠች።

ስለዚህ ፈልጌ ልሄድ ቆረጥኩ። የነሐሴ ቅዳሜ ነበር። የልጄን የተራራ ጫማ ከኮሪደሩ አነሳሁ፤ ዳቦ፣ በፔርሙዝ ሻይና ብርቱካን ያዝኩ፤ ነጠላዬን ደረብኩ። ለማንም ሳልናገር ባቡሩን ይዤ የመጨረሻው ፌርማታ ቬስትሊ ወረድኩና ጫካው ውስጥ ገባሁ።

ባቡር ውስጥ ቀና ብሎ የማያይሽ ሰው ጫካ ውስጥ ሰላም ይልሻል። የመጀመሪያው ሰውዬ «ሃይ» ሲለኝ እንደ አገሬ ቆሜ፣ ደህና መሆኑን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን ጠየቅኩት። የጆሮውን ማዳመጫ ነቀለና፣

«መንገድ ጠፋሽ እንዴ?» አለኝ።

«አልጠፋኝም። ሰላም እያልኩህ ነው።»

ደንግጦ ሄደ። እኔም ቀጠልኩ። ዳገት በመጣ ቁጥር ደስ አለኝ፤ ፎቶው ላይ ያለው አየርላንድ ሜዳ ነውና። «ይሄንን ብታየው!» እያልኩ ወጣሁ። ጉልበቴ ሲያመኝ እንኳ እሷንም አሟት ይሆን ብዬ ነበር የማስበው። ብርቱካኔን ስበላም አብራኝ ነበረች።

ዛፎቹ ላይ የመንገድ ምልክት ቀለም ተቀብቷል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ቀይ። መንገዱ ሁለት ሲሆን ቆም ብዬ አሰብኩ። የከተማችን አውቶቡስ ቀይ ነው፤ ቀይ የዋናው መስመር ነው ብዬ ቀዩን ተከተልኩ። ደግሞም ሰፊና ቀጥ ያለ ነበር። እየቆየ መሬቱ እንደ ፍራሽ እግሬ ሥር ይለሰልስ ጀመር። መመለስ ነበረብኝ። ግን ፋርሞር ተመልሳ ነበር? አልተመለሰችም። አንድ እርምጃ ጨመርኩና እስከ ጉልበቴ ሰጠምኩ።

ጮክ ብዬ አምላኬን ጠራሁ። የደረሰችልኝ ግን የዱር ፍሬ የምትለቅም አንዲት ሴት ነበረች፤ ዕድሜዋ ከኔ ብዙ አያንስም። ባልዲዋን ወርውራ ረጅም እንጨት ዘረጋችልኝ።

«በቀዩ መጣሽ?» አለች እየጎተተችኝ። «ቀዩ የበረዶ ሸርተቴ፣ የስኪ መንገድ ነው! ረግረጉ በረዶ ሲሆን ነው የሚሄዱበት። አሁን ሰማያዊውን ነው።»

«ማን ነገረኝና ነው!» አልኳት ተቆጥቼ፣ እሷ ያጠፋች ይመስል።

እኔ ወጣሁ፤ አንዱ ጫማ ቀረ። እግሬን በፌስታልና በነጠላዬ ጠቀለልነው። ሰማያዊው መንገድ ላይ ስንደርስ «በቃ፣ ተመለሽ» አልኳት። «ትንሽ ልሂድ» አለች። እየገፋኋት፣ እንቢ እያለች፣ እስከ ባቡሩ ድረስ ሸኘችኝ፤ የአገሬ ሰው መስላኝ ነበር። ከመለያየታችን በፊት ስልኬን ሰጠኋትና፣

«ሙሉ ቁመቴን አንሺኝ። ጭቃው ይታይ» አልኳት።

ልጅቷ ፎቶውን ስታይ ጮኸች። አሳትማ በፍሬም አድርጋ ከፋርሞር ጎን ሰቀለችው፤ ከሥሩም «አያቴ ብቻዋን» ብላ ለጠፈች። ልቤ ሞላ። ከዚያ ራቅ ብላ አየችውና፣

«አያቴ፣ ማን ነው ያነሳሽ?» አለች።

ስልኩን ግንድ ላይ አስደግፌ ነው የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ግን እኔ ወረፋ ይከበር እያልኩ ከስንቱ ጋር የተጣላሁ ሴት ነኝ። ለሌላው ሲሆን ፍርድ፣ ለራሴ ሲሆን ግንድ?

«አንዲት ሴት ናት» አልኳት። «ከጭቃው ጎትታ ያወጣችኝም፣ የሸኘችኝም እሷ ናት።»

«እንዲያ ከሆነ ብቻሽን አልነበርሽም።»

«ብቻዬን አልነበርኩም። ግን…» ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ስንት ጊዜ እያየሁት ቅናት ዓይኔን ጋርዶት ኖሯል። «ግን እሷንስ ማን አነሳት?»

እሑድ ፋርሞር ኬኳን ይዛ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ልጅቷ ጠየቀቻት።

«እሱማ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው» አለች ፋርሞር። «መስኩ ላይ ኮርማ ስለነበረው ፈራልኝ። እስከ መጨረሻው በር ድረስ ስለ ጉልበቱ ሕመም እያወራኝ አብሮኝ ሄደ። ዝም አይልም ነበር!»

«ሸኝቷታል!» ብዬ በአማርኛ ጮኽኩ።

«እማዬ፣ ረጋ በይ» አለች ልጄ።

ልጅቷ እርሳሷን አመጣችና ከሁለታችንም ሥር «ብቻዋን» የሚለውን ሰረዘችው። ፋርሞር ምን እንደተሰረዘባት እንኳ ልብ አላለችም፤ የኔን ፎቶ ነበር የምታየው። የተጠቀለለ እግሬን አይታ፣

«ቀዩን ተከትለሽ ነው አይደል?» አለችኝና እስክታነባ ሳቀች። «በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን እንሂድ።»

«አስብበታለሁ» አልኳት።

እነሱ ኬክ ሊቆርሱ ሳሎን ሲገቡ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። አሁን አየሁት፤ የሷ ፍሬም ከኔ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሏል። ኮሪደሩ ላይ የቀረውን አንዱን የልጄን ጫማ አመጣሁ። ምስማሬን ነቅዬ ከፍ አደረግኩና በተረከዙ መምታት ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ምንድነው የሚንኳኳው?» አለች ልጄ ከሳሎን።

«ምንም አይደል» አልኳት። «እያስተካከልኩ ነው።»