እንቁራሪቶቹ እንቁላል እስኪጥሉ

ከአገሬ የወጣሁ ሌሊት ካፊያ ነበር። ከቤታችን በታች ያለው ኩሬ በእንቁራሪት ጩኸት ተሞልቷል። ሕሊናዬ፣ እንደማወራው ጻፊው፣ አታሳምሪው። ያኔ አንቺ ገና በእናትሽ ሆድ ነበርሽ። ባለቤቴ የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው እስከ መካነ ሰላም መኪና መሳፈሪያ ሸኙኝ።

«ልጃችንን አስካለን አርሰሽ ቶሎ ነይ» አሉኝ።

«አብሽሩ፣ እርስዎ ሳይናፍቁኝ እመለሳለሁ» አልኳቸው። ገና መኪናው ሳይነሣ ናፍቀውኝ ነበር።

ጀርመን ስደርስ መስታወት ቤት ውስጥ የተቀመጠ ፖሊስ ፓስፖርቴን ይዞ አፈጠጠብኝ። አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ተጠራ።

«እማማ፣ ለምን መጡ ይላል።»

«ልጄን ላርስ።»

«ልጅዎ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«እንቁራሪት ታስወልዳለች።»

ልጁ ሳቅ አፈነው። ፖሊሱ ደግሞ አስጠየቀኝ። «ሐኪም ናት ወይ?»

«ነች፤ ለሰው አይደለም እንጂ።»

ማኅተሙን መታልኝ። ምን ልበልሽ፣ ብርዱ እንደኛ ደጋ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ የሚሄድ አይደለም፤ ቤት ተከራይቶ የሚቀመጥ ነው። ዳቧቸው ጥርስ ይሰብራል። ሰላም ብትያቸው ግድግዳ ያያሉ።

ከወለደች በኋላ እናትሽ ሥራ ቦታዋ ወሰደችኝ። በየመስታወቱ ሣጥን እንቁራሪት ተቀምጧል።

«እማ፣ በደም ውስጥ የሚሄድ መልእክተኛ አለ፣ ሆርሞን እንለዋለን። ዝናቡ ሲመጣ ለእንቁራሪቷ ጊዜሽ ደርሷል ይላታል። እዚህ ሣጥን ውስጥ ዝናብ የለም፣ መልእክተኛውን በመርፌ እልክላታለሁ።»

«ታዲያ ትወልዳለች?»

«እነዚህ እምቢ ብለዋል። ዘራቸው ደግሞ ከወንዙ እየጠፋ ነው።»

ዓሣም አሳየችኝ። ሴቶች ላለመውለድ የሚውጡት ኪኒን ርዝራዡ ወንዝ ገብቶ ወንዱን ዓሣ እንቁላል ያሲዘዋል ስትለኝ አማተብኩ።

አንቺ ሌላ ከተማ ወስደንሽ ክርስትና ተነሣሽ፣ መዳህ ጀመርሽ። እኔ አገሬ ልግባ አልኩ። ስመጣ አብሮኝ የተሳፈረ ሰው እየመራኝ ነው የደረስኩት፤ ፊደል የማላውቅ፣ ብቻዬን የት እደርሳለሁ? «እማ፣ እንቁላል ከጣሉ ሥራዬ ያልቃል፣ ራሴ አደርስሻለሁ» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ጸሎቴ ለእንቁራሪት ሆነ። ማርያም ትፍታችሁ እያልኩ እውላለሁ። የኔታ በስልክ ይስቁብኛል። «የኛዎቹ ሳይለመኑ ይወልዳሉ» ይሉና ስልኩን ወደ ኩሬው ያዞሩልኛል። ያን ጩኸት ስሰማ ቤቴ የገባሁ ይመስለኛል።

አንድ እሑድ ሲነጋጋ የበሩ ደወል ተደወለ። የአስካለ አለቃ፣ ፀጉሯ የሸበተ ረጅም ሴት ፕሮፌሰር፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ቆማለች። ነጠላ ለብሳለች! እንቁራሪቶቹ ጣሉ፣ ሊሸኙኝ መጡ ብዬ እልል አልኩ። «እንኳን ማርያም ማረቻችሁ!» እያልኩ አንድ በአንድ ሳምኳቸው። ሴትዮዋ ነጠላውን ዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ አንገቷ አውጥታ ነው የለበሰችው።

«ውይ የኔ ልጅ፣ እንዲህማ ለኀዘን ነው» ብዬ እየሳቅሁ ላስተካክልላት እጄን ዘረጋሁ።

እጄን አስካለ ያዘችው። የእሷም ጥለት ወደ ላይ ነበር።

«እማ… አባዬ…» አለች።

መርዶ በኛ አገር ለብቻ አይነገርም፣ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ነው። በዚያች ከተማ የኛ ሰው የለም። ልጄ የምትሰበስበው ብታጣ የላቦራቶሪ ሰዎቿን ለምና፣ ነጠላ አልብሳ አመጣችልኝ።

ደረቴን ስደቃ አከራዩ መጣ። «ዛሬ እሑድ ነው፣ ጩኸት ክልክል ነው።»

«አባቴ ሞቶ ነው» አለችው አስካለ።

«አዝናለሁ። ቀስ ብላችሁ አልቅሱ።»

ፕሮፌሰሯ በሩን ዘጋችበትና ከእኔ ጎን መሬት ተቀመጠች። ማልቀስ አታውቅበትም፤ እኔ ስወዛወዝ አብራኝ ትወዛወዛለች።

እንቁራሪቶቹ ከተዝካሩ በኋላ ጣሉ።

«እማ፣ እንሂድ?» አለችኝ አስካለ።

«ቀብራቸው ላይ ያልቆምኩ፣ በማን ደጅ ልቁም?» አልኳት። ይኸው አንቺ ለመጻፍ ደረስሽ፣ እኔ እዚሁ ነኝ።

ትናንት ቤቱን ለሚጠብቅልኝ ለእህቴ ልጅ ለጌታሁን ደወልኩ።

«እትዬ፣ ሰላም ነዎት? ምን ልታዘዝ?»

«ስልኩን ወደ ኩሬው አዙርልኝ።»

ወጣ፤ እርምጃው ይሰማኛል። ከዚያ ምንም የለም።

«እትዬ፣ ዝናቡ ቀርቷል። ዝም ብለዋል።»

«አትዝጋው ልጄ» አልኩት፣ «እጠብቃለሁ።»